ጓንግዡ ያለችው

ኮቱ፣ ነይ ዱርሲቱ፣ ግቢ እንጂ! ከሰፈራችን ከተፍኪ ሦስት ታክሲ ቀያይረን ቡራዩ መጥተን በር ላይ ልንቆም ነው? ዝናቡም አባራ፣ ዛሬስ ፀሐይ ወጣችልን። እይ እስቲ ይሄን ብርድ ልብስ... ልስላሴው! ለጎረቤታችን ለእማማ ሰይዳ ይሆናል አይደል? ሐሙስ የዓይናቸውን ሞራ ሲያወጡላቸው ሆስፒታል ብርድ እንዳይመታቸው። ባለሱቋ፣ ሰላም ነው? አንቺ ጨርቅሽን ለኪ፣ እኛ ዝም ብለን እያየን ነው።

እና ምን እያልኩሽ ነበር... አዎ፣ የእማማ ሰይዳ ልጅ። ጎበዝ ናት እኮ! ሌላው ነጋዴ ዱባይ ደርሶ ሲመለስ እሷ ቻይና፣ ጓንግዡ! ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር፣ አሥር ሰዓት በአየር። ማን ነገረሽ አትበዪኝ፣ ራሷ ናት ከትናንት ወዲያ በስልክ ለእናቷ ያስረዳችው። "እማ፣ ከዚህ ሁሉ ርቀት ለሐሙስ እንዴት ብዬ ልድረስ?" አለች። እውነቷን እኮ ነው! ሐኪሙ "ከቤተሰብ አንድ ሰው ካልፈረመ አልነካም" ቢልስ? ሐኪም ስለ አውሮፕላን መንገድ ምን ያውቃል?

ስልኩን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ። መስመሩ እንዴት ጥርት ያለ መሰለሽ! ከኋላዋ አንድ ረዳት "ገፈርሳ! ገፈርሳ! አንድ ሰው የቀረው!" ሲል ሁሉ ይሰማል። አይገርምም? ቻይና የማታስመስለው ነገር የለም... አሁን ደግሞ እዚህ ቡራዩ ደጅ ላይ የሚጠራውን የገፈርሳን ታክሲ!

በሳቅ ልፈርስ ስል እማማ ሰይዳን አየኋቸው። ሳቄ ጠፋ። የደከመው ዓይናቸው ነው እንጂ ጆሯቸው እኮ ደህና ነው፣ ዱርሲቱ። "በሰላም ብረሪ ልጄ" ብቻ አሉና ስልኩን መለሱልኝ። ከዚያም ወዲህ እንኳ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ደጅ ወጥተው ይመርቃሉ። አያዩትም... በድምፁ ነው።

"ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል" ይላሉ። የቅርቡ ዘመድ ሲርቅስ? ለሱ ገና ተረት አልወጣለትም... ኧረ ወደ ኋላ አትዙሪ! ባለሱቋ ምን አደረገችሽ? ሜትሩ ከእጇ ወደቀ እንጂ ምንም አልሆነችም። እኛ የምናወራው ጓንግዡ ስላለችው ነው።

ሐሙስ እኔው "ልጃቸው ነኝ" ብዬ እፈርማለሁ። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የሚያዩት የኔን ፊት ነው... አይ የሳቸው ዕድል!

በይ ይሄኛውን ትጠቅልልልን። ጓንግዡ ላለችውም መልካም እንመኝላት እንጂ፣ የሚለፋ ሰው ይመረቃል። ፈጣሪ የእናቷን ዕድሜ ይስጣት። ልጆቿም እንደሷ አገር ለአገር የሚበሩ ይሁኑላት። እሷ ለእናቷ የሆነችውን ሁሉ፣ አንድም ሳያጎድሉ ይሁኑላት... አሜን በይ እንጂ ዱርሲቱ። ባለሱቋ፣ አንቺም አሜን በይ፤ ምርቃት እኮ ነው።