ከመጋዙ ሥር ያለ እጅ

በእምነ በረድ መቁረጫ ፋብሪካ፣ በቆመ ትልቅ መጋዝና በኮምፒውተሩ መካከል፤ የመጋዙ ሠራተኛ ልኬለህ አፍንጫው የደማውን የፕሮግራመሩን የያብስራን ግራ እጅ ጠምዝዞ ይዟል።

ያብስራ፦ ጋሼ ልኬለህ፣ ይልቀቁኝ! ክንዴን ሰበሩት እኮ!

ልኬለህ፦ አልተሰበረም። አጥንት ሲሰበር ይሰማል። መጋዙ የወንድሜን የይርዳውን እጅ ከአንጓው ሲወስድ ሰምቻለሁ።

ያብስራ፦ አደጋ ነው!

ልኬለህ፦ መጋዙ ቆሞ ነበር፤ ልጁ ሥሩ ገብቶ እያጸዳ ነበር። ማን አስነሣው?

ያብስራ፦ ኮምፒውተሩ።

ልኬለህ፦ ኮምፒውተሩንስ?

ያብስራ፦ አመመኝ! እሺ፣ የእኔ ኮድ! መጋዙን የሚነዳው ኮምፒውተር ሊኑክስ ነው። አዲስ ፓኬጅ፣ ማለትም አዲስ ፕሮግራም፣ ሲጫንበት መጋዙ እንደገና ይነሣል። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት «ልቀጥል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።

ልኬለህ፦ ማንን ጠየቀ?

ያብስራ፦ ማንንም። በጃቫስክሪፕት የጻፍኩት ኮድ በሰው ፈንታ «አዎ» ይልለታል። አሥራ አንድ ማሽን ነው፤ በየማሽኑ እየዞርኩ…

ልኬለህ፦ ደከመህ።

ያብስራ፦ አጣደፉኝ!

ልኬለህ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መሬት የወደቀው ግን ያንተ መቀነት አይደለም።

ያብስራ፦ ማክሰኞ አስተካክዬዋለሁ! አሁን ሰው ራሱ ካልፈቀደ አይቀጥልም። ለሥራ አስኪያጁም «ተስተካክሏል» ብዬ ፈርሜ ሰጥቻለሁ።

ልኬለህ፦ ዛሬ ከሰዓት እዚህ ሥር የምገባው እኔ ነኝ።

ያብስራ፦ ይግቡ፣ ምንም አይሆኑም።

ልኬለህ፦ እንግዲያስ መጀመሪያ ያንተ እጅ ይግባ።

ያብስራ፦ ኧረ በማርያም!

ልኬለህ፦ ብትታገል ያን አፍንጫ ድጋሚ አደማዋለሁ። ግፋ… እንደሱ። የመጋዙ ጥርስ ቀዘቀዘህ? አሁን ኮድህን አስነሣው።

ያብስራ፦ መሞከሪያ ማሽን አለ፤ እዚያ ላሳይዎት…

ልኬለህ፦ ተስተካክሏል አላልክም? እኔው ልጫነው። ይቺ ትልቋ ቁልፍ ናት አይደል?

ያብስራ፦ አይጫኑ! አይጫኑ! አልነካሁትም! «አዎ» የሚለው እዚያው ነው!

ልኬለህ፦ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ሲሉ፣ ያንተስ ምሳ ሰዓት እንኳ አልደረሰ።

ያብስራ፦ አንዲት መስመር ናት፤ አሁኑኑ አጠፋታለሁ። እጄን ብቻ ይልቀቁልኝ፣ ጋሼ።

ልኬለህ፦ ይህኛው ባለበት ይቆያል። በቀኝህ ጻፍ፤ ለይርዳውም የቀረችው እሷው ናት።