ስሙ ደጁ ላይ ነው

ጋሽ ይመር የሰፈራችን እድር ለፋፊ ናቸው። ይህን ያጫወቱኝ ሰኞ ገበያ ከሚባለው ቦታ አጠገብ ባለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ነው። እኩሌታውን በስልኬ ቀድቼዋለሁ፤ ባትሪው ስላለቀ የቀረውን በዚያው ቀን ከትዝታ ጻፍኩት። ስለዚህ የተሳሳትኩት ነገር ሊኖር ይችላል። እንዲህ አሉኝ፦

በኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ እድር መዝገብ ቢኖረውም መዝገቡ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሰው የሚያምነው የለፋፊውን ጭንቅላት ነው። እና እኔ ከወፍጮ ቤቱ ጀምሬ እስከ ታችኛው ድልድይ ስልሳ ሁለት አባወራ በቃሌ ነበረኝ። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ማን የማን ጎረቤት እንደሆነ፣ ሁሉንም።

ታዲያ አምና ኮምቦልቻ ልጄ ዘንድ ሰንብቼ ስመለስ፣ ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ቀኝ እጄ የኔ አልሆን አለኝ። ረዳቱ “ፋዘር፣ የት ነው የሚወርዱት?” ይለኛል። የት እንደምወርድ አውቃለሁ፤ አፌ ግን አላወጣው አለ። አላህ ይስጠው፣ ነገሩ ገባውና ሹፌሩን በቀጥታ ሆስፒታል አስነዳው። ስትሮክ ነው አሉ። ቶሎ መድረሴ ነው ያተረፈኝ።

እጁም እግሩም ቀስ በቀስ መጣ። ስም ግን የለም። ስም የሚባል ነገር ጠፋ በቃ። አርባ ዓመት አብራኝ የኖረችውን ዘይነባን “ያቺ” እላታለሁ። “ያቺ ማን?” ትለኛለች፤ በእጄ እጠቁማታለሁ። ሆስፒታል ሰዓዳ የምትባል ንግግር የምታለማምደኝ ልጅ ነበረች። የጃንጥላ ሥዕል ታሳየኛለች፣ “የዝናብ... የዝናብ...” እላለሁ፤ እዚያው ይቀራል። “አብሽሩ ጋሼ፣ ይመጣል” ትላለች። እኔ ደግሞ በሆዴ፣ ጃንጥላ ምን ያደርግልኛል፣ የስልሳ ሁለት ሰው ስም ጠፍቶብኝ እላለሁ። የእድሩ ዳኛ ሌላ ለፋፊ እንዳያስገባ ነበር ጭንቀቴ፤ ሰማህ?

ታዲያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። አቶ መኮንን አረፉ አሉኝ። ዘይነባ ልጃችን ዘንድ ሄዳለች፣ ከልካይ የለኝም፤ ጥሩምባዬን አንስቼ ወጣሁ። ስሙን በየእርምጃው እደግመዋለሁ፣ መኮንን፣ መኮንን። ሁለት ቦታ ደህና ለፈፍኩ። ሦስተኛው ላይ ነፋሁና አፌን ስከፍት፣ “ወይዘሮ ተዋበች አርፈዋል!” አልኩልህ። ያልኩትም አልታወቀኝ። እንዲያውም ደህና ጠራሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

እና የላይ ሰፈር ሰው ወደ መኮንን፣ የታች ሰፈር ሰው ነጠላውን ዘቅዝቆ ወደ ተዋበች። ተዋበች በረንዳዋ ላይ ምስር ትለቅማለች። ጎረቤቷ እየጮኸች ገባችና ስታያት ደረቀች።

“ማን ሞተብኝ?” አለች ተዋበች።

 አንዱ አንገቱን ደፍቶ፣ “አንቱ ነዎት የተባለው” አላት።

“እኔ? ታዲያ ምስሩን ማን ሊጨርሰው ነው?”

ዳኛው ከቀብር መልስ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። ደክመሃል ይመር፣ ድምፅ ማጉያ ያለው ሰው እንፈልጋለን አለና ጥሩምባዬን ይዞ ሄደ። አልዋሽህም፣ ስትሮኩ ካደረገኝ ይልቅ ያ ባሰብኝ።

ለሰዓዳ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። “ያን ስም ሲጠሩ የት ቆመው ነበር?” አለችኝ።

“ተዋበች ደጅ።”

“አሁንም በስሟ ጠሯት እኮ፣ ጋሼ።”

 እውነቷን ነው። እና ምን አለችኝ፣ ስሙ አልጠፋም፣ መንገዱ ነው የጠፋብዎት፤ እግርዎ ደጁ ሲደርስ ስሙ ይመጣል፤ ሥዕሉን እንተወውና ሰፈርዎን ይዙሩ።

ማን አዞረኝ ብትለኝ፣ ራሷ ተዋበች። የገደልኳት። በየቀኑ ከአሥር ሰዓት በኋላ ከወፍጮ ቤቱ እንጀምራለን፤ አንዱ ደጅ ላይ እንቆማለን። አትነግረኝም። የቤቱ ባለቤት ወጥታ ግቡ እንጂ ስትል፣ “አንገባም፣ ስምሽን እየጠበቅን ነው” ትላታለች። ዝናብ መጥቶብን እንኳ ቆመናል፤ ያን ቀን ነው ጃንጥላ የሚለው የመጣልኝ። በኋላ በኋላ ቤቴ ተኝቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በሐሳቤ መሄድ ጀመርኩ። ደጁ ይታየኛል፣ ስሙ ይከተላል።

ታዲያ የእድሩ ጉባኤ ደረሰ፤ አዲስ ለፋፊ ሊመረጥ ነው። ተዋበች ተነሣች። “እኔን አንዴ ገድሎኛል። የእውነቴን ስሞት ሌላ ሰው አይለፍፈኝም። ይጥራና ስሙት” አለች። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀመርኩ። ደጅ በደጅ፣ ስሙን እየጠራሁ ወረድኩ። ታችኛው ድልድይ ስደርስ ዓይኔን ብገልጥ፣ ዳኛው ጥሩምባዬን ከሳጥኑ እያወጣ ነው።

ይኸው አሁንም እለፍፋለሁ። ዘይነባንም በስሟ እጠራታለሁ፤ አበዛኸው ትለኛለች። አልሃምዱሊላህ።

ጋሽ ይመር ይህን ከጨረሱ በኋላ ስሞቹን በሙሉ ጠሩልኝ፤ እየተከተልኩ በደብተሬ ጻፍኳቸው። ቤት ገብቼ ስቆጥራቸው ስልሳ አንድ ሆኑ። አንዱ እኔን ያመለጠኝ መሰለኝ። ከሳምንት በኋላ የእድሩን ጸሐፊ አስፈቅጄ ደብተሬን ከመዝገቡ ጋር ስም በስም አመሳከርኩ። መዝገቡ ላይ፣ በአቶ መኮንን ቦታ ባለቤታቸው ገብተው፣ ስልሳ ሁለት ናቸው። የጎደለው የራሳቸው የጋሽ ይመር ስም ነው። ሄጄ ስነግራቸው ሳቁ።

“ያንንማ ቀኑ ሲደርስ ሌላ ሰው ይጥራው” አሉኝ።