በውሃ ልክ የተወጠረ ሸራ

«ፀሐዩ ዛሬ ከረር ብሏል፣ ጋሼ» አለ ሰውዬው ገና ከበሩ ሲገባ።

ሸራ ሻጩ ሽማግሌ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ሥራው ጠየቃቸው። ስለ ወገባቸው ጠየቃቸው። ባንኮኒው ጥግ የተቀመጠችው ልጅ የእሳቸው መሆኗን፣ ገና አለማግባቷንም ሰማና ደስ አለው። ለወትሮው ቃል ከአፉ በጉጠት ካልሆነ የማይወጣ ሰው ነው። የዛሬው ወሬኛነቱ ምክንያት ነበረው።

የእህቱ ባል አብሮት መጥቷል። ከኋላው ቆሞ አንድ ሰማያዊ ሸራ እየዳበሰ ነው። እህቱ ደግሞ ጠዋት የመኪናውን መስኮት ተደግፋ ወንድሟን አስምላው ነበር፤ የአምናውን ነገር ለባሏ አንዲት ቃል ቢተነፍስ ጉዞው ይቀራል፣ እናታቸውም ዘንድሮ ሐይቁን አታይም። ማለ። መሐላውን ያከብራል። ለባሏ ምንም አልተናገረም። የሚናገረው ለሸራ ሻጩ ነው።

ለቤተሰብ የሚሆን መጠለያ ፈልገው እንደመጡ ነገራቸው። ሐይቅ ዳር ሊያድሩ ነው፤ ልጆች አሉ፣ ደረቷን የሚያማት እናት አለች። ሸራ ከላይ፣ ቋሚ ከዳር፣ ሰው ከመሃል፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

«እኔ መቼም ስለ ሸራ ምን አውቃለሁ፣ ጋሼ? የሚያውቅ ሰው እያለን... አምናም የመረጠልን እሱ ነው። እጁ ወርቅ ነው። ሴራሚክ ሲያነጥፍ ብይ ቢጥሉበት ካለችበት ንቅንቅ አትልም።»

ከኋላው የሸራው ኮሽታ ቆመ። ንጣፍ ሠሪው አማች የወለል ማስተካከያ ውሃ ልኩን ዛሬም በደረት ኪሱ ሸጉጦ ነበር የመጣው። የመረጣቸውን አራት ቋሚዎች፣ አራቱንም እኩል፣ ግድግዳው ላይ ደርድሯቸዋል።

ሰውዬው ዞር ብሎ አላየም። አምና ሌሎች ሰዎች ሸራቸውን እንደ ነገሩ አንጋደው ሲወጥሩ የእነሱ ባለሙያ እንዴት እንደተጠበበ አወራላቸው። ውሃ ልኩን በየገመዱ ላይ እያስደገፈ አንዱን ጥግ አንድ ጣት ዝቅ፣ ሌላውን አንድ ጣት ከፍ ሲያደርግ ግማሽ ቀን ሄደ። ማን ቸኮለ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ግን አይቸኩልም፤ ተረጋግቶ ነው ያፈሰሰባቸው።

«እንደ ሳሎን ወለል ለጥ ያለ ጣራ አይተው ያውቃሉ? እኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ሰማዩም አይቶ አያውቅ ኖሯል... ሊጎበኘው መጣ።»

ሽማግሌው ሸራ የሚለኩበትን ሜትር አፋቸው ላይ አድርገው ሳቃቸውን ሸፈኑ።

ዝናብስ ቢሆን፣ አለ ሰውዬው፣ እንዲህ ያለ እንግዳ ተቀባይ ቤት ሲያገኝ ወዴት ይሄዳል? ተቀመጠ። ሸራው እንደ ደረሰች ላም ሆዱ ተነፋ። እናታቸው ከሥሩ ብርድ ልብስ ተከናንባ ጋደም ብላ ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ለጤና ይበጃል ሲሉ ሰምቷል፤ ከነብርድ ልብስ ሲታጠቡበት ግን ያየው ያን ቀን ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይሉ የለ? እነሱን የወሰዳቸው እያስነጠሰ ነበር።

«እሱ እንኳ ተርፏል፣ ተመስገን። ጠብ ሲል ገና 'የመኪናው መስኮት ተዘግቶ እንደሆነ ልይ' ብሎ ሄዶ ነበር። ጠንቃቃ ነዋ። ከውስጥ ሆኖ ነው ያየው... አራቱንም መስኮት። ካባራ በኋላ ሲወጣ ካልሲው እንኳ አልረጠበም። ነጭ ካልሲ፣ ጋሼ።»

ስለ ሸራ ያወቀውን ከየት እንዳወቀ ግን አልተናገረም። ልጅ ሳለ ከእናቱና ከጨቅላ እህቱ ጋር አንድ ክረምት የከረመው የጣውላ መጋዘን ግንብ ላይ በታሰረ አሮጌ የጭነት መኪና ሸራ ሥር ነው። መሃሉ ካልተነሳ ሸራ ጣራ መሆኑ ቀርቶ ገንዳ እንደሚሆን እዚያ ተማረ። ምሰሶ አልነበራቸውም። ዝናብ ሲመጣ እሱ መሃል ላይ ቆሞ በጭንቅላቱ ይይዘው ነበር፤ አንገቱ እስኪደነዝዝ። የእናቱ ሳል የዚያን ክረምት ነው። ዛሬም ድረስ በስሙ አትጠራውም፤ «ምሰሶዬ» ነው የምትለው። አምናም፣ ሸራው ከመቀደዱ በፊት፣ ተነስቶ ጭንቅላቱን ከሥሩ ሰጥቶ ነበር። ሰው ሲሸመግል ግን ቁመቱም ያጥራል።

ድምፁን ይበልጥ አለሳለሰ።

«እንዲያው ለጨዋታ ያህል ልጠይቅዎት... ከእነዚህ ከአራቱ አንድ ክንድ የሚረዝም ምሰሶ ይኖርዎታል? መሃል ላይ የሚቆም። ግድ የለም፣ ለልብስ ማስጫ ነው ብለን እንወስደዋለን። ባለሙያው እያለ እኔ ምን አገባኝ? ውበቱን ያበላሽብኛል ካለም ይቅር... እናታችን እንደሆነች መታጠቡን ለምዳዋለች።»

ሽማግሌው ሜትራቸውን ጠቀለሉ። ከኋላ፣ ቋሚዎቹ ከተከመሩበት ጥግ፣ የብረት ኳኳታ ተሰማ። አማች ሲመለስ ትከሻው ላይ አንድ ረጅም ምሰሶ ተሸክሟል። ባንኮኒው ላይ አጋደመው። ማንንም አላየም። ጆሮዎቹ ቲማቲም መስለዋል። ውሃ ልኩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ወደ ኋላ ኪሱ አሻገረው።

እዚህ ላይ ማብቃት ይቻል ነበር። መሐላው አልፈረሰም፤ እናቱም ምሰሶዋን አገኘች፤ ሸራው ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። ሰውዬውም ጥቅሉን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ በሩ ሄዶ ነበር። ግን ዓመት ሙሉ የተዘጋ አፍ አንዴ ከተከፈተ በቀላሉ አይገጥምም። ደፉ ላይ ቆመና ፊቱን ወደ ሽማግሌው መለሰ። እንደ መነኩሴ የዋህ መስሎ ነበር።

«እግዜር ይስጥልን፣ ጋሼ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፣ ወገብዎን ያጽናልዎት።»

ሽማግሌው «አሜን» ለማለት ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ልጃቸውም ከባንኮኒው ጥግ ፈገግ ብላ ቀና አለች። አማች ቋሚዎቹንና ምሰሶውን እንደታቀፈ በሩን ማለፍ አቅቶት ከኋላው ቆሟል።

«ለልጅዎም» አለ ሰውዬው፣ «ክረምት ከበጋ ካልሲው የማይረጥብ ባል ይስጣት።»