የሐኪም ጾም

ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ከፊቴ አንድ አዛውንትና አንዲት ሴት ተቀምጠዋል። ደብረ ሲና ስንደርስ ሴትየዋ ቆሎ ገዛችና ለአዛውንቱ ዘረጋችላቸው።

«አባባ፣ ይዝገኑ እንጂ።»

«አልሃምዱሊላህ፣ ልጄ። ዛሬ ውሃም አልቀመስኩ።»

«ምነው፣ ጾም ነዎት?»

«የሐኪም ጾም ነው። ቆሽትህ ላይ እብጠት አለ አሉኝ። ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ያለው ቱቦ በጉሮሮዬ አስገብተው ያዩታል፤ በዚያው በመርፌ ቆንጥረው ይመረምሩታል።»

«እዚያው ሮቢት አይሠራም?»

«ሮቢት? አዲስ አበባም የተገኘው በስንት ፍለጋ! ባለፈው እንዲሁ በባዶ ሆዴ ብሄድ፣ መሣሪያውን የሚችለው ሐኪም ለትምህርት ውጭ ሄዷል ብለው መለሱኝ።»

«ሌላ ሐኪም የላቸውም?»

«ይኸው እኮ ነው የሚያናድደኝ! ለዚህ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው አስተምረው፣ እሱ በሄደ ቁጥር እኛ እንሙት?»

«ዛሬስ መኖሩን ጠይቀዋል?»

«አለ፣ ና ብለውኛል። ኢንሻአላህ ዛሬ...»

ስልካቸው ጠራ።

«አቤት፣ እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ነኝ... ሐኪሙ የለም?... አለ? ታዲያ ምን ሆናችሁ?... መርፌው አለቀ? ማለቁን ትናንት አታውቁም ነበር?... ከውጭ እስኪመጣ ጠብቅ? እኔስ ልጠብቅ፤ እብጠቱ ይጠብቃል ያላችሁ ማነው?»

ስልኩን ዘጉት።

«ሹፌር! ጣርማ በር ላይ አውርደኝ፤ ወደ ቤቴ ልመለስ።»

ወደ ሴትየዋ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያን ቆሎ እስቲ ወዲህ በዪው። ቢስሚላህ።»

እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ፣ እስከ ጣርማ በር ድረስ ቆሎው ሲቆረጠም ሰማሁ።