የማትሸሸገው የስፌት መኪና

«ጋሼ፣ ሳይሰናበቱኝ ቤት ሊለቁ ነው?» አልኩ፤ ቅር ብሎኛል። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው በአንድ እጃቸው ክራንች፣ በሌላው የስፌት መኪናቸውን ይዘው በር ላይ ይታገላሉ። የእህታቸው ልጅ በወዲያኛው ጫፍ ይዛለች።

«እኔ የት እለቃለሁ? መኪናዋ ናት ወደ አንቺ ቤት የምትገባው። ነይ ያዢልኝ!»

ጋሼ አንድ እግራቸው በአደጋ ስለተጎዳ ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን ድጎማ አመልክተዋል። ገቢና ንብረታቸውን የምታጣራ ሠራተኛ ያን ዕለት ልትመጣ ነው፤ መኪናዋን ካየች ድጎማው ቀረ ብለው ሰግተዋል። እኔም እሳቸውን ብሆን ቴሌቪዥኔን እሸሽግ ነበርና ላግዛቸው ጎንበስ አልኩ።

«እትዬ፣ እጅዎን ያንሱ!» አለች ልጅቷ። ለካ እሷ የያዘችው ወደ ውስጥ ልትመልሳት ነው።

«ልጄ፣ ድሃ መስለን ካልታየን ማን ይረዳናል?»

«አጎቴ፣ ድህነትን እንደ ኮት አስለክተው ሊለብሱት ነው? ቢሮው ድረስ ሄጄ ጠይቄአለሁ። የሚኖሩበት ቤትና የሚሠሩበት መሣሪያ ከንብረት አይቆጠሩም።»

«የባንኩስ ገንዘብ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እሱ ይቆጠራል። ከተወሰነው ጣሪያ ካለፈ ድጎማ የለም። የእርስዎ እንኳን ጣሪያው፣ መስኮቱም ጋ አይደርስ። ከስፌት የሚያገኙትም ይነገራል፤ በዚያ ልክ ድጎማው ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይቀርም። ደብቀው ከተገኙ ግን ሁሉም ይቀራል፤ የወሰዱትንም መልሱ ይባላሉ።»

«ስሠራ ካዩኝማ ጤነኛ ነህ ይሉኛል!»

«ይበሉ! ቁጭ ብለው በአንድ እግርዎ ሲሠሩ ይዩዎት። ቢከለክሉን ይግባኝ እንላለን። የጠየቅነው መብት ነው፤ ምጽዋት መሰለዎት?»

 ጋሼ ክራንቻቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉና «መልሷት!» አሉን፤ ስትወጣ ያላገዝኩ እኔ ስትመለስ ተሸካሚ ሆንኩ።

እውነቱን የተናገረ ሰው ሥራውንም ድጎማውንም ይዞ ይኖራል፤ በር በተንኳኳ ቁጥር አይደነግጥም። የሸሸገ ግን መሥሪያውን ሰው ቤት አስቀምጦ ደንበኞቹን ያጣል፤ ይባስ ብሎም ምስጢሩን እኔን ለመሰለች ጎረቤት አደራ ይሰጣል። የእኔን አፍ ደግሞ ሰፈሩ ያውቀዋል።

ሠራተኛዋ ስትገባ ጋሼ የደንበኛ ሱሪ እያጠበቡ ነበር። ገቢያቸውን፣ ባንክ ያለቻቸውን፣ መኪናዋንም ሳይጠየቁ ነገሯት። እሷም መጻፏን ትታ አንዴ ክራንቹን፣ አንዴ የስፌት መኪናዋን አየች።

«አባባ፣ እግሬ ተጎድቷል ብለው አመልክተው ይሠራሉ እንዴ?»

ጋሼ ክሩን በጥርሳቸው በጠስ አደረጉት።

«እግሬ ተጎዳ አልኩ እንጂ ሞትኩ ብዬ አላመለከትኩም።»