እትዬ ሙሉ የጠረጠሩት የጃፓን ጭፈራ

ይህችን ላጫውታችሁ፤ ሰምታችሁ አትቆጩም። ለአሸንድዬ ሰሞን የሰፈራችንን ልጆች፣ ከስልኬ የተማርኩትን የጃፓን ልጆች የክረምት በዓል ጭፈራ አለማምዳቸው ነበር። ክብ ሠርተው ሲዞሩ ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ መጡና ልጃቸውን ከመሀል ጎትተው አወጧት። "ለማን ነው የሚዘፈነው?" አሉኝ። ማብራራት ስወድ፣ "በበዓሉ የሞቱ ዘመዶቻቸውን ነፍስ ይቀበሉበታል" አልኳቸው። "ታዲያ በልጄ አፍ ሙት ልትጠራ ነው?"

ደነገጥኩና የከሰል ድንጋይ ቆፋሪዎችን ሥራ የሚያስመስለውን እንቅስቃሴ አሳየኋቸው፦ መቆፈር፣ አፈሩን ወደ ኋላ መወርወር፣ ጋሪ መግፋት። እትዬ ሙሉ እጄን ትክ ብለው አዩ። "ቁፋሮስ ለላሊበላ ሰው ነውር የለውም። ትጨፍር፤ እኔ ግን አጠገቧ ነኝ። የሚመጣ ሙት ካለ ቀድሜ ልየው" ብለው ክቡ ውስጥ ገቡ። ሲቆፍሩ ከሁላችንም በለጡ።

እናንተም ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት። የሚጠረጥር ጎረቤት ካላችሁ ግን መጀመሪያ አስቆፍሩት፤ ማብራሪያው ይደርሳል።