እኩለ ቀን የተበላ ቁርስ

ባሕር ማዶ፣ ቦናመስ በሚባል ሰፈር፣ ቀን ቀን የምንከባከባቸው አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ በቁርስ ቀልድ አያውቁም። ቋሊማ፣ እንቁላል፣ ቦሎቄ፣ እንጉዳይ፣ የተጠበሰ ቲማቲም፤ ሳህኑ ካልሞላ አኩርፈው ይውላሉ። ሁዳዴ እንደገባ፣ ጨው እንኳ ሳልቀምስ ስሠራላቸው አይተው፣ «አንቺስ?» አሉኝ። «ጾም ነው። እስከ እኩለ ቀን እህል አልቀምስም፤ ከዚያም በኋላ ሥጋና እንቁላል የለም» አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት መጥበሻውን ሳነሳ፣ «ተይው፣ አልራበኝም» አሉ። አመማቸው ብዬ ደነገጥኩ። ሆዳቸው ሲጮህ ግን ይሰማኛል፤ እሳቸው ሰዓታቸውን ደጋግመው ያያሉ። ልክ እኩለ ቀን ሲሆን፣ «በይ ሁለት ሳህን አምጪ። ቋሊማው የእኔ፣ ቦሎቄውና እንጉዳዩ የጋራችን» አሉኝ። «ሰው ቆሞ እያየኝ መብላት ሰልችቶኛል።»

አብረን ተቀመጥን። የዚያን ቀን የማናችን ጾም እንደበለጠ እግዜር ይወቀው።